ለዕርቅ የተቀመጠው ቡና

ቡና መወደዱን የሰማሁት ከአከራዬ አፍ ነው። ኅዳር ጽዮን ባለፈ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስመለስ የግቢያችንን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። አከራዬ አዴ ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ተቀምጠዋል። ገበያውን እንዲህ በቀትር ጥለው የሚመጡ ሴት አልነበሩም። ዘንቢሉ አጠገባቸው ነው፤ ቡናው አልተነካም፤ መስፈሪያው ስኒ ከላዩ ተደፍቷል።

«ምነው አዴ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰው ሰደበኝ፣ ልጄ።»

«ማን ነው የሰደበዎት?»

«ማን ያልሰደበኝ አለ? ዋጋውን ነገርኳቸው። በቃ፣ ዋጋውን ስነግራቸው ሰደቡኝ።»

ለእኔም ነገሩኝ። የተሳሳቱ መስሎኝ አስደገምኳቸው። ያው ስኒ፣ ያው ቡና፣ ዋጋው ግን ካለፈው ገበያ እጥፍ ሆኗል። ጅምላ ነጋዴው ለእሳቸው የሸጠበትንም ነገሩኝ፤ በዚያ ገዝቶ ከዚህ ባነሰ መሸጥ የሚችል ሰው የለም።

«አንዷማ» አሉ፣ «አንዷማ ‹በእኛ ቡና ሐጅ ልትሄጂ ነው ወይ?› አለችኝ።» ይህን ሲሉ ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

እኔ የበጌምድር ሰው ነኝ። አሰላ የመጣሁት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነው፤ ሰው አላውቅ፣ ቋንቋ አላውቅ። አባቴ የደብር አገልጋይ ስለነበሩ ቤታችን ቡና አይገባም ነበር፤ ሳልጠጣ አደግሁ፣ ሳልጠጣም ቀረሁ። ስለዚህ የቡና ዋጋ ወጣ ወረደ ለእኔ የሌላ ሰው ወሬ ነው። ያን ቀን ክው ያልኩት በቡናው አልነበረም። እኒያን ሴት አንድ ሰው በክፉ ይናገራቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም «አዴ» ነበር የሚላቸው፤ በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የኋላዋን ክፍል ለእኔ አከራይተው፣ ቡና እየቸረቸሩ ይኖራሉ። እሳቸው እስላም ናቸው፤ እኔ በጾም ላይ ስሆን ግን ቅቤ የሚያነጥሩት ትምህርት ቤት መሄዴን አይተው ነበር፣ ሽታው እንዳይፈትነኝ። አገሬ ያለችው እናቴ እንኳ ከዚህ የበለጠ አታደርግልኝም።

አሰላ ደጋ ነው። ገብስና ስንዴ እንጂ ቡና አያበቅልም። የአዴ ቡና የሚመጣው ከጎሎልቻ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ማሳ ነበር። ወንድማቸው ለቅሞ አድርቆ ይልካል፣ እሳቸው ይቸረችራሉ፣ ለሁለቱም ቤት ይሆናል። ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ የቆየ አሠራር ነው። በዚያ ዓመት ግን የመጀመሪያው ለቀማ መድረሻው አልፎ እንኳ ከጎሎልቻ አንዲት ፍሬ አልመጣችም። ቢያጡ ጊዜ ነው ከነጋዴ የገዙት። መልእክት ላኩ፤ መልስ የለም።

ሰፈሩ በጥቂት ሳምንት ሌላ ሰፈር ሆነ። «ቡና ጠጡ» መባባል ቀረ። ሙቀጫ በር ተዘግቶ ይወቀጥ ጀመር፤ ድምፁ እንዳይሰማ ከሥሩ ጨርቅ የሚያነጥፉም ነበሩ። ገብስ አሳርረው ከቡናው ጋር የሚወቅጡት በዙ። ከፊት ለፊታችን የምትኖር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ነበረች፤ የሸዋ ሰው ናት፣ የማርያም ማኅበርተኛዬ ናት፣ ምላሷ አያርፍም። ቡና ካልጠጣች ራሷን ያማታል። ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራ እየመጣች ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች።

«አንቺ ምን አለብሽ! ቡና የማታውቂ፣ የታደልሽ። እኔ ይኸው ቆሜ ሞቻለሁ።»

«ገብሱስ እንዴት ነው?»

«ገብሱማ ትዳሬን ሊያፈርሰው ነው። ትናንት ባሌ አንዴ ፉት አለና ‹ይሄ ቡና ነው አጥሚት?› ብሎ አፈጠጠብኝ። ‹ዝም ብለህ ጠጣ፣ ምናልባት ትወልድ ይሆናል› አልኩት።»

እንስቃለን። ከሳቁ መሀል ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ «ቡናውን የያዘው ገበሬው ነው አሉ። እየቀበረ ነው አሉ፣ የባሰ እስኪወደድ። የአንቺ አዴም ከወንድሟ ጋር ሳትመክር አትቀርም» ትለኛለች።

«ኧረ እግዜርን ፍሪ!»

«እፈራለሁ። ግን አፍንጫም አለኝ።»

ከጥምቀት በኋላ ወንድምየው ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ናቸው፤ ብርድ ልብስ ደርበዋል። የያዙት ነገር የለም። ጆንያ የለ፣ ዘንቢል የለ። አዴ ፊታቸው በርቶ ተነሡ፣ አቀፏቸው፣ ከዚያች ከተረፈቻቸው ላይ ቆልተው አፈሉላቸው። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። ኦሮምኛው በዚያን ጊዜ ይገባኝ ነበር።

እንግዳው አንዴ ቀምሰው ስኒውን ከአፋቸው አራቁት።

«የማን ቡና ነው ይሄ?»

«የነጋዴ» አሉ አዴ። «ገዝቼው ነው።»

ስኒውን መሬት አስቀመጡት። ከዚያ የሆነውን ተናገሩ። ባለፈው ሚያዝያ የሚያርሱበት በሬ ሞቶባቸው ኖሯል። ቡናው ደግሞ ያኔ ገና አበባ ላይ ነው። ነጋዴ መጣና ዛፉን ዞሮ አየ፣ ገመተ፣ በድሮው ዋጋ ከፍሎ ሄደ። በእነሱ አገር ይህ ያለ ነገር ነው፤ የቸገረው ገበሬ ምርቱን በአበባው ይሸጣል፣ ፍሬው ሲደርስ የከፈለው ሰው ንብረት ነው። በኅዳር ዋጋው እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬውን እሳቸውና ልጆቻቸው በገዛ እጃቸው እየለቀሙ ለነጋዴው አስረከቡ። ለቤት እንኳ አልቀረም።

«ሚስቴ የቡና ቅጠል ነው የምታፈላልን» አሉ። «የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቅጠሉን እንጠጣለን።»

እኔ እኮ የሰፈሩን ሐሜት ባላምንም፣ በልቤ ገበሬው ቢያንስ አልፎለት ይሆናል እል ነበር። የወጣው ዋጋ አንድ ሰው ኪስ መግባት አለበት አይደል? ቡና ያበቀለው ሰው ይኸው ፊቴ ተቀምጧል፤ ቡና የለውም።

አዴ ግን የሰሙት ሌላውን ነው። «የአባታችንን ዛፍ በአበባው? ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? በስኒ የምትሸጪበትን ሰምቻለሁ። ከተማው ሁሉ አንቺ ከበርሽ ይላል። አንድ ቀን ‹ወንድሜ እንዴት ሆነ› አልሽ?»

«የምሸጥበትን ሰማህ፣ የምገዛበትን ማን ይንገርህ? በገበያ መሀል ሌባ እባላለሁ እኮ፣ በአንተ ምክንያት!»

ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልጽፈውም። እንግዳው ሳይመርቁ፣ ሳይመረቁ ተነሥተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አሉ። አንድ ዋጋ ነው ሁለቱንም ባዶ ያስቀራቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ሌላው ጠግቧል ብለው ያምኑ ነበር። አዴ ያን ማታ እራት አልበሉም። እኔም ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ቃሉ ይጠፋብኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከጎሎልቻ የሽማግሌዎች መልእክት መጣ። ወንድምየውን አነጋግረዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በወንድምየው ደጅ ዕርቅ ይሁን፣ ታላቅ እሷ ናትና ቡናውን ይዛ ትምጣ ብለዋል። አዴ ይህን ሲሰሙ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ከጣሪያቸው ሥር፣ ከወጋግራው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጆንያ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። ውስጧ ያለው ጀንፈል ነው፤ ከነልጣጩ የደረቀ፣ ያልተፈለፈለ የቡና ፍሬ፣ ካቻምና ከአባታቸው ዛፍ የመጣ። ገበያው እንዲያ ሲሆን፣ እሳቸውም የሚሸጡት ሲያጡ፣ ጆንያዋን አለመንካታቸው ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እሱማ የሚታረድ ነው» አሉኝ።

«ቡና ይታረዳል እንዴ?»

ከልባቸው ሳቁብኝ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱኝ። ለዕርቅና ለምርቃት በሬ ከማረድ ይቆጠራል። የፍሬው ጫፍ በጥርስ ይነከሳል፣ ይህ ነው መታረዱ፤ ከነልጣጩ በቅቤ ይበስላል፤ ሽማግሌዎቹ ያኝኩታል፣ ይመርቃሉ፤ የተጣሉት ከአንድ ዕቃ ይበላሉ። ፍሬው ሙሉ መሆን አለበት። የተሰበረ፣ የተጨፈለቀ ለዕርቅ አይቀርብም።

«ጎሎልቻ አይገኝም?» አልኳቸው።

«ዘንድሮ ነጋዴው ጠርጎ ወስዶታል። ያለኝ ይሄ ነው። ባዶ እጄን ከሄድኩ ስድብ ነው፤ በቀኑ ከቀረሁ ደግሞ ዕርቁን እምቢ አለች ነው የሚባለው። ሁለተኛ ሽማግሌ አይገባበትም፣ ልጄ። ወንድሜን እስከ ወዲያኛው አጣሁት ማለት ነው።»

እኔ በሃይማኖቴ ከዚያ አልበላም፤ እሳቸውም ብይ ብለውኝ አያውቁም። ግን ያን ሰሞን በስግደቴ መሀል ያቺን ጆንያ አስቤያታለሁ።

የጸሐፊው ሚስት ጆንያዋን ያየቻት በዚያው ሳምንት ነው። ቡና ልትገዛ መጣች፤ አዴ የለኝም አሏት። እሷ ቀና ብላ አየች።

«ያስ ምንድን ነው?»

«እሱ አይሸጥም።»

«ለእኛ ነው የማይሸጠው? ወይስ ጭራሽ?»

«ሂን ጉርጉረሙ፣ አይሸጥም አልኩሽ እኮ!»

ፊቷን አዙራ ወጣች። ተከትያት ሄጄ አስረዳኋት። ስለ ወንድማቸው፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ቅቤው ሁሉ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝና፣ «ቡና ጠብሰው በቅቤ ይበላሉ ብለው ነገሩሽ፣ አንቺም አመንሽ?» አለች። «አይ የኔ እህት! በዚህ ዘመን አንድ ጆንያ ቡና ሰው ይበላዋል? ጾም ላይ ነን፣ ቅቤ የለን፣ ወተት የለን፣ በዚያች በአንዲት ስኒ ነበር የምንተነፍሰው። እሷንም ደበቁብን።» ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሹፌሮች ሰዉ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ኑሮ መወደድ አደባባይ ወጥቶ መጮኹን የሚያወሩበት ሰሞን ነው። አሰላም «ደባቂ» የሚለው ቃል ከእያንዳንዱ አፍ ይወጣ ነበር።

ማክሰኞ ጧት አዴን ልሸኝ ወጣሁ። ጭነት መኪናው ገብስ ጭኖ ከገበያው ዳር ቆሟል፤ ዴራ ድረስ ያወርዳቸዋል፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይፈልጋሉ፣ የቀረው በበቅሎ ነው። አዴ አዲሱን ሻሻቸውን አስረዋል። ጆንያዋን አቅፈዋታል፤ ለሹፌሩም ለእኔም አልሰጡም።

ከኪዳን የሚመለሱ ሴቶች በዚያ በኩል ያልፋሉ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ከመሀላቸው የጸሐፊው ሚስት ቆመች።

«ይኸው!» አለች። «አላልኳችሁም? ቡናው ሊወጣ ነው! እኛ እዚህ ገብስ እየጠጣን፣ እሷ ወደ ሌላ አገር ልትቸበችበው!»

ሲከቡን አላየሁም። ብቻ ዙሪያችን በነጠላ ነጭ በነጭ ሆነ።

«አንቺ አሮጊት፣ አውርጂው!» አለቻቸው አንዷ። አንቺ! አዴን! ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ለዕርቅ ነው! የሚሸጥ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «በማርያም ይዣችኋለሁ!»

«አንቺ ዝም በይ፣ ቡና እንኳ አትጠጪ!»

አዴ ጆንያዋን አጥብቀው ይዘው «አይሆንም፣ ልጆቼ፣ አይሆንም፣ ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው» ይላሉ። የጸሐፊው ሚስት ከመቀነቷ ገንዘብ ፈታች። «እኛ ሌቦች አይደለንም! ከፍለን ነው የምንወስደው!» ብላ አዴ ጉያ ውስጥ ወረወረች። ሌሎቹም ወረወሩ። ሳንቲም በአዴ ደረት ላይ፣ በሻሻቸው ላይ፣ በጭቃው ላይ ይዘንባል። ጆንያዋ ከግራ ከቀኝ ተጎትታ ተቀደደች። ፍሬው ፈሰሰ። በነጠላ ጫፍ የምትቋጥር፣ በእፍኝ የምታፍስ፣ ሳታይ የምትረግጥ። እግዚኦ ሲሉ ያደሩ እጆች ናቸው።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «ሴቶች፣ ከመኪናው ራቁ! እናት፣ ይሄዳሉ አይሄዱም? እኔ መንገደኛ ነኝ!»

አዴ አልሰሙትም። ተንበርክከው የቀረውን አንድ በአንድ እያነሡ በጣታቸው ያያሉ። የተሰበረ። የተሰበረ። ጭቃ የበላው። መኪናው ሄደ። ሌላው የሚነሣው ሐሙስ ካለፈ በኋላ ነበር።

አንድ ፍራንክ አልነኩም። የገበያ ድሆች ለቀሙት። ደግፌ ወደ ቤት ሳስገባቸው «ሐሙስ መቼ ነው?» አሉኝ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ከሁሉ የባሰ ያስደነገጠኝ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። የጸሐፊው ሚስት በሬን አንኳኩታ ገባች። ይቅርታ ልትጠይቅ መስሎኝ መቀመጫ ሳብኩላት።

«ስሚ እስቲ» አለች፣ «ግማሹ እኮ ገለባ ነው! ወቅጬ ወቅጬ ክንዴ ተገነጠለ። ምን ዓይነት ቡና ነው የሸጠችልን?»

«የሸጠችልን?»

«ከፍያለሁ እኮ! ከፍለናል ሁላችንም!»

ፊቷን አየሁ። እየቀለደች አልነበረም። በእሷ ቤት ከፍላለች፣ ጨርሳለች። ያን ዓመት የትንሣኤን ጾም አብረን ፈታን፣ አንድ ማኅበር ጠጣን፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ በፊቷ አላነበብኩም። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይህ ነው።

በኋላ ከጎሎልቻ የደረሰን ወሬ አጭር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ጠብቀው ተበተኑ፣ ወንድምየውም «ከወንድሟ ገበያዋን መረጠች» አሉ ተባለ። አዴ ነገሩን በነጋዴ አፍ ላኩላቸው፤ የነጋዴን ቃል ማን ያምናል በዚያ ዘመን? አብዮቱ መጣ፣ ጸሐፊውም ተዛወረ፣ ሰፈርተኛው ተበተነ። አዴ አሰላ ሞቱ። ከጎሎልቻ ማንም አልመጣም።

እኔ ወደ አገሬ አልተመለስኩም፤ እዚሁ አሰላ አርጅቻለሁ። አምና የወንድምየው ሴት ልጅ፣ አሁን ራሷ አያት የሆነች፣ ለሕክምና መጥታ ሰው አገናኘን። በቤታቸው ምርቃት ሲሆን የሞቱ ዘመዶች ሁሉ በስም ይጠራሉ፤ አክስቷ አይጠሩም። ዕርቅ እምቢ ያለ ሰው አይጠራምና። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። በትሕትና አዳመጠችኝ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እርስዎ ይወዷቸው ነበር። አብረው ኖረዋል። የእርስዎን ቃል ብቻ ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ብቆም ‹ተከራይዋ ናት› ይሉኛል። ቡናውን ከወሰዱት አንድ ሰው ቢናገር ግን ሌላ ነው።»

ስለዚህ እናንተ ያን ጧት ከመኪናው አጠገብ የነበራችሁ፣ ወይም እናቶቻችሁ ሲያወሩ የሰማችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ስም አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ክስ የለም፣ ካሳ የለም። አንቺም እህቴ፣ የጸሐፊው ሚስት፣ በሕይወት ካለሽ፣ ይህን የምለምነው በተለይ አንቺን ነው። አሰላ ቅድስት ማርያም ደጅ ብትጠይቁ እኔ ያለሁበትን የሚያሳያችሁ አታጡም። ኑና ይህችን ብቻ ተናገሩልኝ፦ አዴ ወደ ወንድማቸው ሊሄዱ ቡናውን ይዘው ወጥተው ነበር፤ የወሰድንባቸው እኛ ነን።